ታናሽ ወንድማቸው

አያቴ በ1987 ዓ.ም. ስታርፍ በቀብሯ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የበኩር ልጇን ታናሽ ወንድሟ አድርጌዋለሁ። ብዕር ስቶኝ አይደለም። አስቤበት፣ ቃል መርጬ፣ ረቂቁን ቀድጄ እንደገና ጽፌ ያደረግኩት ነው። ያ ልጇ፣ አጎቴ፣ ዛሬ በሕይወት የለም። ለነፍስ አባቴ ነግሬ ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ ያም አላሳረፈኝም። ነገሩ የተደረገው ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለሆነ የምናዘዘውም ሰው በሚሰማበት መሆን አለበት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አጎቴ ክልስ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ከአሥመራ በሊማሊሞ በኩል ጎንደር እየተመላለሰ ጭነት የሚያመጣ ጣሊያናዊ የመኪና ሾፌር ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ያ ሾፌርም ከምርኮኞቹ ጋር ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። አያቴ ያኔ ገና ልጅ እግር ነበረች። ጊዜ አልፎ አባቷ ለአንድ አርበኛ ዳሯት፤ የእኔ አያት እሱ ነው። ከእሱ አራት ልጆች ወለደች። እናቴ ሁለተኛዋ ናት።

አጎቴ ትምህርት ቤት ሲገባ የአባት ስም ተጠየቀና የእናቱ አባት ስም ተጻፈለት። መታወቂያውም መንጃ ፈቃዱም በዚያው ቀጠለ። በወረቀት ከሄድን እንግዲህ የእናቱ ወንድም ነው። በዚያ ዘመን ይህ በብዙ ቤት ተደርጓል። ሽማግሌው ልጁን «የማን ልጅ ነህ?» ከሚል ጠያቂ ለመከለል ስማቸውን ሰጡት፤ መልካም አደረጉ። ያንን ከለላ ወስጄ ሰውየውን ከእናቱ ለመለየት የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ።

አላወቅኩም ልል አልችልም። የታሪክ መምህር ነበርኩ። ስለ ፋሺስት ወረራ አስተምር ነበር፤ ስለ ዘር ሕጎቹም ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እናገር ነበር። ጣሊያን ኤርትራን በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛቴ ብላ ካወጀች በኋላ ወንዶቿ ከአገሬው ሴቶች ጋር ጎጆ ቀልሰው ሲኖሩ ለረጅም ጊዜ አይታ እንዳላየች አልፋለች። እንዲህ ያለችውን ሴት «ማዳማ» ይሏት ነበር። ከእነዚህ ቤቶች የተወለዱትን ልጆች አንዳንድ አባቶች በስማቸው አስመዝግበዋል፤ ብዙዎቹ ግን የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ እናትንም ልጅንም ጥለው መርከብ ተሳፍረዋል። በ1925 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1933) የወጣው ሕግ አባቱ ያልታወቀ ልጅ መልኩ ታይቶ፣ አስተዳደጉ ተመርምሮ ዜግነት የሚያገኝበትን ጠባብ በር ከፍቶ ነበር። አፍንጫውና ከንፈሩ እየታየ የነጭ ዘር አለበት የለበትም የሚባል ልጅ ነው እንግዲህ። ኢትዮጵያ ስትያዝ ያም በር ተዘጋ።

ቀጥሎ የመጣው ከሁሉም ይከፋል። አዲስ አበባ ላይ በየካቲት 12 የፈሰሰው ደም ሳይደርቅ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮም ላይ አንድ አዋጅ ወጣ። ከተገዢ ሴት ጋር የባልና የሚስት ዓይነት ኑሮ የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር የሚል ነው። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚገርማቸው አንድ ነገር ነበር፦ ወንጀሉ አብሮ መተኛቱ አልነበረም። ገንዘብ ጥሎ የሄደ ወንድ አይጠየቅም ነበር። ዳኞቹ በማስረጃ የሚፈልጉት ከሴቲቱ ጋር አንድ ገበታ ላይ መቅረቡን፣ ልብስ መግዛቱን፣ ስትታመም ማስታመሙን፣ መውደዱን ነበር። የወደደ ይታሰራል፣ ያዋረደ በነፃ ይሄዳል።

አጎቴ በተወለደበት ዓመት፣ ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1940)፣ ስለ ክልሶች ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ፤ ቁጥር 822። ክልስ የአገሬው ተወላጅ ተብሎ ይቆጠራል። ጣሊያናዊው አባት ልጄ ነው ብሎ መቀበል አይችልም፣ የቤተሰብ ስሙንም ሊሰጠው አይችልም። ማሳደጊያውም ማስተማሪያውም በአገሬው ወላጅ፣ ማለትም በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ነው። ቅኝ ግዛቱን ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉ ጣሊያናውያን እንኳ ይህን ሊያስቀሩት አልቻሉም። ስለ ናራና ስለ ኩናማ ሕዝቦች የጻፈው የኤርትራው ባለሥልጣን አልቤርቶ ፖሌራ ከሁለት የአገሬው ሴቶች ስድስት ልጆች ነበሩት። አንደኛው ልጁ ለጣሊያን ተሰልፎ በኢትዮጵያ ጦርነት ሞቷል። ፖሌራ በ1931 ዓ.ም. ሊሞት ሲል የመጨረሻ ሚስቱን በሥርዓት አገባ፤ ለሙሶሊኒም ስለ ክልስ ልጆች ተማጽኖ ደብዳቤ ጻፈ። ሕጉ በዓመቱ ወጣ።

ይህን ሁሉ አስተምር ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እነዚያ ልጆች ኋላ የት ደረሱ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እመልስ ነበር?

አያቴ ስለዚያ ሰው ስታወራ የሰማኋት አንድ ቀን ነው። ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ለቀቀችውና «በአንድ ገበታ ነበር የሚበላው። ለብቻዬ አቅርቡልኝ ብሎ አያውቅም። ሚጥሚጣው ያስለቅሰዋል፤ ግን አይተውም ነበር» አለች። ፈትሉ ተበጠሰባት። ምራቋን ቀባ አድርጋ ስትቀጥለው እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ለልጅ ምን ታወሪያለሽ!» ብላ ተቆጣቻት። አያቴ ሁለተኛ አልደገመችውም።

በእኛ ቤት ያ ገበታ የአያቴ ነውር ነበር። የጣሊያን ዳኛ ቢሰማው የሾፌሩ ወንጀል ነበር። ታሪኩን ላስጊጠው አልፈልግም። ጠመንጃ በያዘና ባዶ ሌማት ባለው መካከል የሆነ ነገር ነው፤ ስንቷ ተገድዳ፣ ስንቷ የታሰረ ወንድሟን ለማስፈታት፣ ስንቷ ለዕለት እንጀራ ብላ ገብታበታለች። አያቴ እንዴት እንደገባች አልጠየቅኳትም። እናቴ ብትቆጣ እንኳ ሌላ ቀን፣ ብቻዋን ስትሆን መጠየቅ እችል ነበር። ሌላውን አዛውንት ሁሉ ስለ አምስቱ ዓመት ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አጎቴን ልጅ ሳለሁ በጣም እወደው ነበር። መካኒክ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሥመራ ወርዶ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ተማረና ጎንደር ተመልሶ ፒያሳ አካባቢ ሠራ። የኤንትሬ የጭነት መኪናን ሞተር በጆሮው ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ጠግኖ ሲሞክር እኔን ጋቢና አስቀምጦ አዘዞ ድረስ ይወስደኛል። እሱ ልጅ እያለ የሰፈሩ ልጆች «የሶላቶ ልጅ» እያሉ ድንጋይ እንደወረወሩበት እናቴ ነግራኛለች፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው። በእኔ ዘመን ያ ረገብ ብሎ ስለነበር ጓደኞቼ ዓይኑንና ፀጉሩን አይተው ፈረንጅ ይመስላቸዋል። «የእናቴ ወንድም ነው» እያልኩ እኩራራበት ነበር። ያኔ በፈረንጅነቱ ኮራሁበት፤ አድጌ ደግሞ በዚያው በፈረንጅነቱ አፈርኩበት። ሁለቱንም ጊዜ ሰውየው ራሱ ምን እንደሚሰማው አላሰብኩም።

አያቴ ያረፈችው ሌሊት ላይ ነው። ሲነጋ ድንኳን ተተከለ፣ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝ። በአያቴ ባል ወገን ትልቅ የሚባሉ ሰው «የአርበኛ ሚስት ናት። ዛሬ አርበኞች አባቶች ይመጣሉ፣ ከመንግሥትም ሰው ይመጣል። የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፍ። ያን ነገር ግን አታንሣው» አሉኝ። እናቴ አጠገባቸው ቆማለች፤ አልተናገረችም። ማንም እጄን አልያዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። እምቢ ብል የሚያደርሱብኝ ነገር አልነበረም። ይህን የምለው ለእሳቸው ጥፋቱን እንዳላካፍል ነው።

ጓዳ ውስጥ የጤፍ ጆንያ ላይ ደብተር አስደግፌ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ «የአምስት ልጆች እናት» ይል ነበር፤ የእሱ ስም መጀመሪያ ላይ ነበር። አየሁት፣ ቀደድኩት። በሁለተኛው «የአራት ልጆች እናት» አልኩና የእሱን ስም ተውኩት። ግን እዚያ ይቆማል፣ አስከሬኑን ይሸከማል፤ ስሙ ሳይጠራ ቢቀር ሰው ምን ይላል ብዬ ተጨነቅኩ። ያኔ ነው መታወቂያው ትዝ ያለኝ። «እኅትና ወንድሞቻቸው» ከሚለው ሥር «ታናሽ ወንድማቸው አቶ…» ብዬ ስሙን ከነአያቱ ስም አሰፈርኩት።

ሳገኘው ደስ አለኝ። ይህን መሸሸግ አልፈልግም። ማንም የማይቀየምበት፣ በሰነድ የሚደገፍ፣ ውሸት ነው ቢሉኝ የምከራከርበት ነገር አገኘሁ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። የአያቴ ባል የአርበኝነት ሜዳሊያና የጣሊያን ልጅ አንድ ገጽ ላይ አብረው እንዳይታዩ አድርጌ የቤታችንን ታሪክ ያነጻሁ መስሎኝ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ፊት ነው ያነበብኩት። ድንኳኑን የተከራየው እሱ ነበር፤ አስከሬኑን ሲያወጡም ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው እሱ ነበር። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ጥፍሮቹ ሥር ምን ቢታጠብ የማይለቀው የሞተር ዘይት ጥቁረት ይታየኛል። «ታናሽ ወንድማቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ አልተሰበረም። ከቆመው ሕዝብ ግማሹ ልጇ መሆኑን ያውቃል፤ አዋላጇ እንኳ በሕይወት ነበሩ፣ እዚያው ቆመው ነበር። ማንም አልተነፈሰም።

ከቀብር ተመልሰን በር ላይ እጅ ስንታጠብ መጣና «አንድ ቅጂ ካለህ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ለሁለት አጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። «በርታ» አለኝና ለለቅሶኛው ወንበር ሊያቀርብ ገባ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። በዓል ሲሆን ቤቱ እሄዳለሁ፣ ቤቴ ይመጣል። እኔ ሳገባ የሙሽራ መኪና የነዳልኝ እሱ ነው። እሱ ነገሩን አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁትም። ዝምታውን ይቅርታ ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ለራሴ ስለሚመቸኝ።

በ1999 ዓ.ም. አረፈ። የሕይወት ታሪኩን ልጻፍ ብዬ ወደ ሴት ልጁ ሄድኩ። «እኔ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ጻፈችው፣ ራሷ አነበበችው። ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሌ ብላ የአያቴን ስም ጠራች፤ ከአባታቸው ከአንድ ጣሊያናዊ ሾፌር ጎንደር ከተማ ተወለዱ አለች። ሰው ሁሉ ሰማ። የአያቴ ባል ዘመዶችም ሰሙ። አንድ አሮጊት «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ቀብሩ ቀጠለ። እኔ የፈራሁት፣ ጓዳ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የሸሸሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ተነገረና ምንም አልሆነም።

ከአርባው በኋላ ያቺን ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። «አባቴ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ነበር የሚያስቀምጠው። አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

መታወቂያው ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት አልኳት። አፌ ያንን ነው ያወጣው።

«አጎቴ ስትለው የኖርከው መታወቂያውን አይተህ ነው?» አለችኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች።

ያን ቀን ማታ ቁጥር 822 ትዝ አለኝ። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ሕጉ ለልጁ አባትን ከለከለው። እናቱን ግን አልነካበትም። እንዲያውም ለማዋረድ ብሎ ሙሉ በሙሉ የእናቱ ነው አለ፤ የእናቱ ወገን፣ የእናቱ ስም፣ የእናቱ ዕዳ። የሮም ሰዎች በንቀት ወደ እኛ የወረወሩትን ልጅ እኛ በክብር መቀበል እንችል ነበር። ሽማግሌው ቅድመ አያቴ ተቀብለውት ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጣሊያን ራሷ ሕጉን በ1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1947) ከሻረችው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የቀረችለትን እናት በብዕር የወሰድኩበት እኔ ነኝ፤ የተማርኩት፣ ሕጉን ከነቁጥሩ የማውቀው። ፋሺስቶቹ ያላደረጉትን አደረግኩ ስል ቃል ለማክበድ አይደለም። ጽሑፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየሁት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቆጨኛል። ጎንደርን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን። የከተማውን ፕላን የነደፈው አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ነጩና አገሬው እንዳይቀላቀሉ ብሎ ሰፈር ለይቶ ነበር የነደፈው። እኛ ሕንጻዎቹን ወርሰን የእኛ አደረግናቸው፤ በሊማሊሞም እንወጣለን እንወርዳለን፤ መንገዱን ጣሊያን ሠራው ለማለት ማንም አያፍርም። እንዲያውም «የጣሊያን ሥራ አይፈርስም» እያልን እናሞግሰዋለን። በዚያ መንገድ ከመጣው ሁሉ ያፈርንበት ሥጋ ለባሹን ነው። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ያን መንገድ የሚወጡ መኪኖችን ሲጠግን ኖረ።

ክልስ ልጆቹ በየከተማው ነበሩ፤ አሥመራ፣ ደሴ፣ ጅማ፣ አዲስ አበባ። ብዙዎቹ እንደ አጎቴ ጋራዥ ገቡ፣ አንዳንዶቹ መነኮሳት አሳደጓቸው፣ አንዳንዶቹ ኋላ ጣሊያን ሄደው የአባታቸውን ስም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። በየቤቱ የተጻፈውን የሕይወት ታሪክ ብንሰበስበው ስንቱ እናት ወንድሟን ወልዳ ትገኝ ይሆን?

ካለፈው ዓመት ወዲህ ለዘመዶቼ ሁሉ በየስማቸው ጽፌያለሁ። አያቴ የአምስት ልጆች እናት ናት፣ በኩሯም እሱ ነው ብያለሁ። መቃብሯ ላይ ያለው ድንጋይ የልጆቿን ስም የያዘው ከእኔ ጽሑፍ ተገልብጦ ስለሆነ፣ እንዲታረም ወጪውን እኔ ልቻል ብዬ ጠይቄያለሁ። እናቴ ተስማማች፤ ስትስማማ አለቀሰች፣ ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ዝም ማለቷን ነገረችኝ። ታናሿ አክስቴ ግን «ሙታንን ለምን ትቀሰቅሳለህ» ብላ እምቢ ብላለች። ከእሷ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው። ድንጋዩ እስካሁን አልተነካም።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለአጎቴ ልጅ ላክሁላት። አንብባ ደወለችልኝ። ስለ ሕይወት ታሪኩ የጻፍኩት ልክ ነው አለች። «አሥመራ ሙያ ሊማር ወረደ ያልከው ግን ስህተት ነው። ሙያውን ጎንደር ነው የተማረው። አሥመራ የሄደው አባቱን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነው። ጋራዥ የገባውም የጣሊያን ሾፌሮች እዚያ ስለሚመጡ ነው። ጎንደር መስመር የነዱትን አንድ በአንድ ጠይቋል።»

ከላይ የጻፍኩትን ላርመው ብላት «ተወው፣ ያንተ ይቆይ፤ የእኔን ከሥሩ ጻፈው» አለችኝ። እንዳለችው አድርጌያለሁ። ይቅር በይኝ ብያታለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠችኝም።